የፊት ተሸካሚው

አባቴ ለገሰ በሰፈራችን ቀብር ሁሉ የሬሳ ሳጥን ከፊት እንዲሸከም የተሾመው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። «ተሾመ» የምለው ያኔ የገባኝ እንደዚያ ስለነበር ነው። ለጓደኛዬ ለትንሳኤ ወሬውን ስነግራት፣ «አባቴ ካልመጣ ሰው አይቀበርም» ብያት ነበር። የትንሳኤ አባት የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ እስከዚያን ቀን ድረስ በአባቷ የምትኮራው እሷ ነበረች። ያን ቀን ግን ተራው የእኔ ሆነ።

አባቴ ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነበር። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ የጫማ መሸጫ በረንዳ ላይ፣ ሞርሳ የተቸነከረባት ትንሽ ጠረጴዛ ነበረችው። ያልተቀረጹት ቁልፎች በሽቦ ተሰክተው ከራሱ በላይ ይንጠለጠላሉ፤ ንፋስ ሲመጣ ይንሿሿሉ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ወደ ተበላ ከተማ የሚሄድ ሰው ለመጥራት «ተበላ! ተበላ!» እያሉ ሲጮኹ አባቴ አንገቱን ደፍቶ በሞረድ ይሞርዳል። የሰፈራችን ሰው ቁልፍ ሲጠፋበት፣ ወይም ልጁ አድጎ የራሱ ቁልፍ ሲያስፈልገው፣ ወደ እሱ ነበር የሚመጣው። ከእኛ ቤት እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ቁልፉን አባቴ በእጁ ይዞት የማያውቅ በር ያለ አይመስለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሮቹን እያየሁ «ይሄ የአባቴ፣ ይሄም የአባቴ» እያልኩ እሄድ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰፈራችን ውስጥ ስርቆት በዛ። መጀመሪያ የጎረቤታችን የእትዬ ወለተጊዮርጊስ ቤት ተገባ። ባላቸውን በቀበሩበት ዕለት፣ ሰው ሁሉ መቃብር ሳለ፣ ዲቪዲ ማጫወቻውና የባላቸው ጋቢ ተወሰደ። «ዲቪዲውስ ይሂድ፤ ጋቢው የእሱ ነው» እያሉ ያለቀሱት ልቅሶ ባላቸውን ካለቀሱት አይተናነስም ነበር። ከዚያ በላያቸው ያለው ቤት ተገባ፤ ከዚያ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው። ሪሲቨር፣ ካውያ፣ የጆሮ ወርቅ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ነገር ብቻ ነበር የሚጠፋው።

ትልልቆቹን ያስጨነቃቸው የተወሰደው ዕቃ አልነበረም። በሮቹ አልተሰበሩም። ሰዎቹ ከቀብር ሲመለሱ በራቸውን ዘግተው እንደሄዱት ተዘግቶ ነው ያገኙት፤ ገብተው ሻይ እስኪያፈሉ ድረስ መሰረቃቸውን ያላወቁም ነበሩ። ውኃ ስንቀዳ ሴቶቹ «ቁልፍ ያለው ሰው ነው» ሲባባሉ እሰማለሁ። እኔን ሲያዩ ያቆማሉ። ቁልፍ ያለው ሰው አባቴ ስለሆነ፣ እሱን ሊጠሩትና ሊያማክሩት እያሰቡ ነው አልኩ።

ሳጅን አልጋነሽ መምጣት የጀመረችው በዚህ ጊዜ ነው። የቀበሌያችን የኮሚዩኒቲ ፖሊስ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ጫማዋ የማይሰማ ሴት። ለአባቴ ምሳ ሳደርስ ብዙ ጊዜ በረንዳው ላይ ከጎኑ ተቀምጣ አገኛታለሁ። አንድ ቁልፍ ታነሳለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ትመልሰዋለች።

«ይሄ የማን ነው አቶ ለገሰ?»

«የሆቴል ነው። ለእንግዳ ክፍል።»

«አንድ ቁልፍ ሲቀርጹ ሌላ ቅጂ ያስቀራሉ?»

«ምን ላደርግበት?» ይላል አባቴ ሞረዱን ሳያቆም። ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱ ዞሮ «ለሳጅን ሻይ አምጡ፤ ስኳር ይብዛበት» ይላል።

ስኳር እንደምትወድ ማወቁን ሳይ የልብ ወዳጁ ናት አልኩ። ፖሊስ ጓደኛ ያለው አባት! ይህንንም ለትንሳኤ ነገርኳት።

አሁን እዚሁ ሶዶ ውስጥ ወንጀል መከላከል ክፍል ነው የምሠራው። ከየቀበሌው የሚመጣውን የስርቆት ሪፖርት አያይዤ፣ የቱ ሰፈር፣ በምን ሰዓት፣ በምን መንገድ የሚለውን እያየሁ የሚደጋገመውን ነገር እፈልጋለሁ። አንድ ፖሊስ በየቀኑ አንድ ጠረጴዛ አጠገብ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ለእኔ የሚያስረዳኝ አያስፈልገኝም። አባቴም ያኔ የሚያስረዳው አላስፈለገውም። ሻዩን ያዝዝ የነበረው እያወቀ ነው።

በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰፈራችን በሮች ሁሉ አዲስ ጓጉንቸር አበቀሉ። ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን የሚወጋ። አባቴ የሸጠላቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ወደ ቤት ይመለስ ጀመር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመጣና ደጅ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራዬን ያሠራኛል፤ ገመድ ስዘል ይቆጥርልኛል። እናቴ ጥሩነሽ ማታ ማታ ጎደሬ ቀቅላ በቃሪያ ዳጣ ታቀርብልናለች። ጎደሬ ከምንም በላይ የምወደው ምግብ ነበር፤ ሌላ ነገር ስላልነበረ እንደሆነ አላወቅኩም። በልጅነቴ ደስ ያለኝ ወቅት የቱ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያ ወቅት ነው የምለው።

የእድሩ ስብሰባ የተጠራው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ነው። እናቴ «ልጅ እዚያ ምን ይሠራል?» ብትልም አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ሰዉ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ተቀምጧል። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ደገፉ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ከሰዉ ፊት ለብቻው አስቀምጠው ነበር።

«ለገሰ፣ አንተ እዚህ ና» አሉት።

ሌላው ሰው በእንጨት ላይ ተጨናንቆ አባቴ በወንበር መቀመጡ ልቤን ነፋው። ከጎኑ ሄጄ ቆምኩ።

አቶ ደገፉ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ያለንበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግድግዳ አልተቆፈረም፣ ቆርቆሮ አልተነሳም። ሌባው እንደ ባለቤት ከፍቶ ገብቶ፣ እንደ ባለቤት ዘግቶ ይወጣል። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ደግሞ…» አባቴን አዩት። አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

እትዬ ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሱ። «እኔ በሰው ላይ ክፉ አልናገርም። ግን ለገሰ፣ ባለቤቴን ስንቀብር አላየንህም።»

«የገበያ ቀን ነበር እትዬ። ማታ መጥቼ አብሬ አልቅሻለሁ።»

«ማታማ አልቅሰሃል። ቀን ግን አላየንህም።»

«እውነት ነው» አለ አባቴ። ብዙ ቀብር ይቀርበት ነበር፤ በገበያ ቀን የገጠር ሰው ስለሚበዛ ጠረጴዛውን አይተውም። እኔ የገባኝ እትዬ ወለተጊዮርጊስ የተቆጡት አባቴ ስለናፈቃቸው መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ሳጅን አልጋነሽ ከኋላ ተነሳች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። የተሰረቃችሁ ሰዎች በዕለቱ የት ነበራችሁ?»

«ቀብር!» አሉ አንዱ።

«እርስዎስ?»

«እኔም ቀብር። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አባት ስንቀብር።»

«የኔም እንደዚያው ነው» አለ ሌላ።

«ቀብር በሌለበት ቀን የተሰረቀ አለ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እንግዲህ ሌባው የእድሩን ጥሩምባ ይሰማል ማለት ነው» አለች። «ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ባዶ ይሆናል፤ እሱም ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ቀብር በሆነ ቁጥር የሠፈሩ መግቢያ ላይ አንድ ሰው ይቀመጥ። የሚገባውንም የሚወጣውንም እየጠየቀ።»

«ማን ቀብር ይቀራል? ነውር ነው» አለ አንድ ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዳልጮ። ጋሽ ዳልጮ ከሁምቦ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ እግራቸው ስለማይታዘዛቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን መውጣት አይችሉም ነበር። «እኔ ድሮም ቁጭ ብዬ ነው የማለቅሰው።»

ሰዉ ትንሽ ሳቀ። ሳጅን አልጋነሽ አልሳቀችም።

«ሁለተኛ፣ አቶ ለገሰ ከአሁን በኋላ አንድም ቀብር አይቅሩ። ሳጥኑን ከፊት፣ በቀኝ በኩል ይሸከሙ። ከቤት እስከ መቃብር፣ ከመቃብር እስከ ለቅሶ ቤት ሁሉም ሰው በሚያያቸው ቦታ ይሁኑ።»

ማጉረምረም ተነሳ። አቶ ደገፉ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች እየነቀነቁ «ጥሩ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው» አሉ። ሰዎች አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ሳጅንን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «እሺ» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አየኋትና ሮጬ «አባዬን ሾሙት!» አልኳት። ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ አባቴን ስታይ ብርሃኑ ጠፋ።

ማታ የተኛሁ መስሏቸው በመጋረጃው ማዶ ሲነጋገሩ አንድ ቃል ደጋግማ ስትል ሰማሁ። «በጥርጣሬ ነው እኮ ለገሰ። በጥርጣሬ ነው የሚያስሄዱህ።»

«ይዩኝ» አለ እሱ። «ቀና ብዬ እሄዳለሁ፤ ይዩኝ።»

ቃሉን ስለማላውቀው በማግስቱ ትንሳኤን ጠየቅኳት። የሾፌር ልጅ ስለሆነች ከተማ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ አሰበችና «ጥርጣሬ እንደ ሊቀመንበርነት ያለ ነገር ነው» አለችኝ። «አጎቴ ዲምቱ ከተማ እያለ ተጠርጣሪ ነበር፤ ፖሊስ በመኪና ነበር የሚወስደው።»

ያ ነገሩን ጨረሰው። በዚያው ሳምንት መምህራችን የወላጆቻችንን ሥራ በየተራ ስትጠይቀን ተነስቼ፣ «አባቴ ቁልፍ ቀራጭና ተጠርጣሪ ነው» አልኩ። መምህርቷ ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ልጅ እንደኔው አላወቀም፤ ግማሹ ሳቀ። መምህርቷ መጥታ ራሴን ዳበሰችኝና ጆሮዬ ላይ «ቁልፍ ቀራጭ የሚለው ይበቃል የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ጉራ አታብዢ ማለቷ ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ቀብር የመጣው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ጥሩምባው ጠዋት ተነፋ፤ አባቴ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ሰዓት ሲደርስ እኛ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለን ሰልፉን አየን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ቀዩ አፈር በዝናብ ላቁጧል። ሳጥኑን የሚሸከሙት ሰዎች በየጥቂቱ ይቀያየራሉ፤ አንዱ ትከሻውን ያወጣል፣ ሌላው ሮጦ ይገባል። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሸክሙ ለሁሉም ይዳረሳል። አባቴን ግን ማንም አልቀየረውም። ግራው ተቀየረ፣ የኋላዎቹ ተቀየሩ፤ የፊት ቀኙ ያው አባቴ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ከኋላው ሰዎቹ ወደ ሳጥኑ ሳይሆን ወደ እሱ ያያሉ።

«አየሽ?» አልኳት ትንሳኤን። «ሌላ ሰው አይነካበትም።»

ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ትከሻው ተልጦ ነበር። እናቴ ውኃ አሙቃ በጨርቅ ያዘችለት። «በሬ እንኳ ቀንበር ይወርድለታል» ትላለች። እሱ ወደ እኔ ዓይኑን ጠቀሰ። ከዚያ በኋላ ሌላም ቀብር ነበር፣ ሌላም። በነዚያ ቀናት ምንም አልተሰረቀም። አቶ ደገፉ እትዬ ወለተጊዮርጊስን «አላልኳችሁም? ካሰርነው ጀምሮ ቆመ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ማን እንደታሰረ ግራ ገባኝ፤ የሚያወሩት ስለ ውሻ መሰለኝ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ስጋት አሁን ነው የሚታየኝ። ስርቆቱ እንደቆመ ቢቀር ኖሮ አባቴ ዕድሜ ልኩን ሌባ ይሆን ነበር። ንጹህነቱን ሊያሳይለት የሚችለው ሌባው ራሱ ነበር፤ እሱም መምጣት አለበት።

መጣች።

የሞቱት የአቶ ኤርሳዶ እናት ነበሩ፤ በሰፈሩ ከሁሉም በዕድሜ የገፉ ሴት። ትምህርት ስላልነበረን እኔና ትንሳኤ የሠፈሩ መግቢያ ላይ፣ ጋሽ ዳልጮ ከተቀመጡበት ድንጋይ አጠገብ እንጫወት ነበር። ጋሽ ዳልጮ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ሳጅን የሰጠቻቸውን ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የሚያልፈውን ሁሉ «ሳሮ» እያሉ ሰላም ይላሉ። ሰልፉ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ሰፈሩ ጭር አለ።

አንዲት ሴት በመንገዱ ላይ መጣች። ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በጨርቅ የተሸፈነ ዘንቢል ይዛለች። ፊቷ ያዘነ ነበር፤ የእውነት ያዘነ።

«ለቅሶ ቤት ነው አባባ። ስንቅ ይዤ ነው፤ ከተበላ ነው የመጣሁት» አለች።

«እግዜር ያጽናህ» አሉ ጋሽ ዳልጮ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸው ነበር። ሴትዮዋ አልፋ ገባች። ስታልፍ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ መጣች። ዘንቢሉን አሁን በሁለት እጇ አቅፋዋለች፤ ወገቧ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሏል። ጋሽ ዳልጮ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መንገዱ ላይ አጋደሙት።

«ቶሎ ወጣህ።»

«ሰው የለም አባባ። ቀብር ሄደዋል።»

«ስንቁስ? ለቅሶ ቤት ሙሉ ይዞ ይገባል፣ ባዶ ይዞ ይወጣል። አንተ ግን ባሰብህ፤ ከበደህ።»

ሴትዮዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ለሰው መልስ መስጠት ስላለብኝ ነው…»

«የሞተው ምንህ ነው?» አሉ ጋሽ ዳልጮ።

«አጎቴ ናቸው። የናቴ ወንድም።»

ጋሽ ዳልጮ ፊሽካቸውን ነፉ። እስትንፋሳቸው ትንሽ ስለነበር መጀመሪያ እንደ ጫጩት ነው የጮኸው፤ እንደገና ነፉ። ሴትዮዋ ከዘራውን ልትሻገር ስትል ትንሽ እንግዳ ነገር ሆነ፤ ሳጅን አልጋነሽ፣ ያለ ዩኒፎርም፣ እንደማንኛውም ሴት ነጠላ ለብሳ ከሻይ ቤቱ ወጣች። ጫማዋ እንደ ወትሮው አልተሰማም። የሴትዮዋን ክንድ ያዘቻት።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አጎቷ የሞተባትን ሴት ያስለቅሷታል ብዬ ነው። ጋሽ ዳልጮን «ይተዉአት! ሐዘንተኛ ናት!» እያልኩ ከዘራቸውን ሳብኩባቸው። የማስበው ሌባ ጆንያ የያዘ፣ ጺማም፣ ወንድ ነበር።

ሳጅን ጨርቁን ገለጠችው። ከላይ ሁለት ዳቦ፤ ከዳቦው ሥር የአቶ ደገፉ ሬዲዮና የልጃቸው የሰርግ ጌጥ በፎጣ ተጠቅልሎ። አንድ ቁልፍም ነበር፤ ቸኩላ ሳትመልሰው የቀረችው።

«ይሄን ከየት አመጣሽ?»

«ከበሩ በላይ» አለች ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ። «ከመቃኑ ላይ። አንዳንዱ ከድንጋይ ሥር። ለልጆቻቸው ብለው ሁሉም እዚያው ነው የሚያስቀምጡት። ጓጉንቸሩን ሲቀይሩም እዚያው ነው ያስቀመጡት።»

ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ አስነስቶ ይጠብቃት የነበረ ሰው ሸሸ፤ እሱም ከሳምንት በኋላ ተያዘ። ከተሰረቀው ዕቃ ግማሽ ያህሉ ተመለሰ። የእትዬ ወለተጊዮርጊስ ጋቢ ግን አልተገኘም፤ አንዱ ገበያ ላይ ተሸጧል ተባለ። ጋሽ ዳልጮ «የሞተው» ያሉት ሊያጠምዷት አስበው ነው ወይስ አማርኛቸው ነው የሚለው ክርክር በሰፈራችን እስከ ዛሬ አላለቀም። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ሲጠየቁ ይስቁ ነበር እንጂ አልመለሱም።

ከቀብር የሚመለሰው ሰው መግቢያው ላይ ሲደርስ ሳጅን መንገዱ መሃል ቆማ ነበር። ሴትዮዋ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘንቢሉ ከፊቷ ነው። አባቴ ከፊት ነበር፤ ትከሻው ላይ ጃኬቱ ጭቃና ሰም ነክቶታል። አቶ ደገፉ ሬዲዮአቸውን አይተው «ይሄ የኔ ነው!» አሉ።

«የእርስዎ ነው» አለች ሳጅን። ድምጿን ከፍ አደረገች። «ይህ ዕቃ ከአቶ ደገፉ ቤት ሲወጣ አቶ ለገሰ የት ነበሩ?»

አቶ ደገፉ ዓይናቸውን ወደ ሬዲዮአቸው መለሱ።

«እየጠየቅኩ ነው። የት ነበሩ?»

«ከፊታችን» አሉ እትዬ ወለተጊዮርጊስ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። «ከፊታችን ነበር።»

አቶ ደገፉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አባቴ ግን «ይቆዩ፣ ልታጠብ፤ እጄ አፈር ነው» ብሎ አልፏቸው ወደ ቤት ገባ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ተከተለችው። ቤት ስደርስ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመው ነበር፤ የእናቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ የምትስቅ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠረጴዛው አጠገብ ሰው ተሰለፈ። ሁሉም ቁልፍ ያስቀርጻል። የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም። አቶ ደገፉ ራሳቸው መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ብዙ ሳል ሳሉ። አባቴ «ለአቶ ደገፉ ሻይ አምጡ» አለ፤ ከዚያ በላይ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ሳጅን በተራዋ ስትመጣ አባቴ ስኳር እንዲበዛበት አዘዘ። ከዚያ በኋላ የመጣችው ሥራ ስለሆነ አልነበረም።

ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ለሥልጠና ቦምቤ ስሄድ፣ ሳጅን አልጋነሽ ጡረታ ወጥታ እዚያ እንደምትኖር ሰምቼ ቤቷ ሄጄ ጎበኘኋት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ የቁልፍ ቀራጩ ልጅ መሆኔን ስነግራት አቀፈችኝ። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የጠየቅኳት።

«መጀመሪያ ጠርጥሬው ነበር» አለች። «ማንስ ቢሆን? ቁልፍ ቀራጭ ነው፣ ቀብር አይታይም። ጠረጴዛው ጋ እየተቀመጥኩ ሳየው ግን ተውኩት። ብተወውስ ምን ይሆናል? ሰፈሩ አልተወውም። እኔ ‹ንጹህ ነው› ብል ጉቦ በላች ይሉኛል። ሌባው በሚመጣበት ሰዓት ሁላችሁም እሱን እያያችሁ መሆን ነበረባችሁ። አጨበጨቡ አይደል? ያጨበጨቡት ያሰርኩላቸው መስሏቸው ነው።»

«ለአባቴ ነግረሽው ነበር?»

«እንዴት እነግረዋለሁ? ካወቀ ፊቱ ይለወጣል። ግን እሺ ሲለኝ አየኝ። ያኔ የገባው መሰለኝ።» የራሷን ትከሻ በእጇ ዳበሰች። «ትከሻው ግን አሳዘነኝ። መቀያየር እንደሚከለክሉት አላሰብኩም ነበር። ያ የእኔ አልነበረም፤ የራሳቸው ነው።»

አባቴን ስመለስ ጠየቅኩት። «ሳጅን ያለችሽ ልክ ነው» አለኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ሴትዮዋ ከተያዘች በኋላ የመጣውን ቀብር ግን አልረሳውም፤ እኔ ያን ቀን ትልቅ ስለመሰልኩ እናቴ አብሬ እንድሄድ ፈቅዳልኝ ነበር። ሳጥኑ ሲወጣ አባቴን ፊት ለፊት ፈለግኩት። በፊት ቀኝ ሌላ ሰው ነበር። በግራ ሌላ። ዞር ዞር ብዬ ሳየው፣ ከሰልፉ መጨረሻ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ከትንሳኤ አባት ጋር ስለ መንገዱ መበላሸት እያወራ ይመጣል።

ሮጬ ሄጄ ኮቱን ያዝኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ሻሩህ» አልኩት እያለቀስኩ። «ምን አጠፋህ? ለምን ሻሩህ?»

አባቴ ቆመ። መጀመሪያ ሳል የመጣበት መሰለኝ። ከዚያ ቀብር ላይ እንደሆነ ረስቶ መሳቅ ጀመረ፤ በኮቱ እጅጌ አፉን ለመያዝ ቢሞክር አልቻለም፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቀ። ከፊታችን የነበሩት ሰዎች፣ እትዬ ወለተጊዮርጊስም፣ ዞረው አዩት።

አዩትና ፊታቸውን መልሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ።